ፒስታ፣ ዳገትና ጀፎረ፦ የአማተር የተራራ ብስክሌት እሽቅድምድም በወልቂጤና በቡታጅራ ምድር

በኢትዮጵያ የብስክሌት ስፖርት ውስጥ ብስክሌት በሁለት ስም ይለያል፤ አንዱ ኮርስ፣ ሌላው ማውንቴን ይባላል። ኮርስ የሚለው ስም እሽቅድምድም የሚል ትርጉም ካለው ከጣሊያንኛው «ኮርሳ» የመጣ ሲሆን፣ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ለአስፋልት የተሠራ ብስክሌት መጠሪያ ነው። ማውንቴን ደግሞ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ መሪው ቀጥ ያለ፣ ብዙውን ጊዜም የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ሞላ የተገጠመለት፣ ስሙ እንደሚናገረው ለተራራና ለሸካራ መሬት የታሰበ ብስክሌት ነው። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ ውድድሮች የማውንቴን ምድብ በአስፋልት ላይም ስለሚካሄድ፣ ቃሉ ከመሬቱ ይልቅ የብስክሌቱ ዓይነት መለያ ሆኖ ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ነገሩ ለዳገት የተገዛች በቅሎ በሜዳ ብቻ ስትነዳ እንደማየት ነው። የዚህ ዲስኩር ሐሳብ ማውንቴን የሚለው ስም ወደ መሬቱ ሊመለስ ይገባዋል የሚል ሲሆን፣ ለመመለሻው የተመረጠው ስፍራም ወልቂጤንና ቡታጅራን በሁለት ግርጌው ያስቀመጠው የጉራጌ ተራራማ ምድር ነው።

ሁለተኛው ማብራሪያ የሚያሻው ቃል አማተር ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር አማተር ሲባል ገና ያልበሰለ፣ እጁ ያልተፍታታ ሰው የሚል የማሳነስ ስሜት ይሰማል፤ የቃሉ ምንጭ ግን የላቲኑ «አማቶር» ሲሆን፣ ትርጉሙም ወዳጅ ወይም አፍቃሪ ማለት ነው። በስፖርቱ አማተር የሚባለው እንጀራውን በሌላ ሥራ የሚበላ ተወዳዳሪ ነው፤ ጠዋት ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚውል መምህር፣ ሌሊቱን በጤና ጣቢያ ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ፣ ባጃጁን አቁሞ ብስክሌቱን የሚያነሣ ወጣት በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። የእነዚህ ሰዎች ሥልጠና ከፕሮፌሽናሉ ሥልጠና የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም፤ ፕሮፌሽናሉ ከልምምድ በኋላ የሚተኛበትን ሰዓት አማተሩ ቆሞ ስለሚሠራበት፣ የድካምና የዕረፍት ሒሳቡ ከሥሩ የተለየ ነው።

የተራራ ብስክሌት እሽቅድምድም በዓለም ላይ ያለው ዕድሜ አጭር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 21 ቀን 1976 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በተባለው አውራጃ፣ ፌርፋክስ ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌና ከባድ ብስክሌቶች ይዘው በአቧራማ ቁልቁለት ተሽቀዳደሙ። የብስክሌቶቹ ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ዓይነት ስለነበረ፣ በቁልቁለቱ ላይ ግሎ በውስጡ ያለው ግራሶ ቀልጦ ይጨስ ነበር፤ ከጉዞው በኋላ የኋላ ጎማውን እምብርት ፈትቶ ግራሶ እንደገና መሙላት ግድ በመሆኑም ውድድሩ ራሱ «ሪፓክ»፣ ማለትም እንደገና መሙላት፣ ተብሎ ተጠራ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ፈጣን ነበር፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን ይፋዊ የዓለም የተራራ ብስክሌት ሻምፒዮና በ1990 ዱራንጎ በተባለችው የኮሎራዶ ከተማ አካሄደ፤ በ1996 ደግሞ ስፖርቱ በአትላንታ ኦሊምፒክ ገባ። ኦሊምፒክ የገባው ምድብ ክሮስ ካንትሪ የሚባለው ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎች ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገትና ቁልቁለት የተቀላቀለበትን ዙር ደጋግመው እየዞሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚጋልቡበት ነው። ማራቶን የሚባለው ምድብ ርቀቱ ከ60 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ ዳውንሂል የሚባለው ደግሞ ቁልቁለት ብቻ ሆኖ በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል። በአፍሪካ ምድር ከ2004 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የሚካሄደው ኬፕ ኤፒክ ስምንት ቀን የሚፈጅና ሁለት ሁለት ሆነው የሚወዳደሩበት ሲሆን፣ በዚሁ ውድድር ስመ ጥር ፕሮፌሽናሎችና የዕረፍት ቀናቸውን ሰብስበው የመጡ አማተሮች ከአንድ መነሻ መሥመር ይነሣሉ።

የኢትዮጵያ የብስክሌት ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ከሯጮቹ ጋር አብረው ተሰልፈዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰላም አምሃ በሴቶች የጎዳና ውድድር ተሰልፋለች። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሂዷል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ሁሉ ክብር የተገኘው በአስፋልት ላይ መሆኑ ነው፤ ከአገሪቱ መንገድ አብዛኛው ግን አስፋልት አይደለም።

የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ አካል ነው። ቡታጅራ በሰንሰለቱ ምሥራቃዊ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ሸለቆው ሜዳ፣ ጀርባዋን ወደ ተራራው ሰጥታለች፤ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ዘቢዳር የሚገኝበት የተራራው ራስ ከ3,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ወልቂጤ በሌላው ጎን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በ1,900 ሜትር ገደማ የምትገኝ ሲሆን፣ ከእርሷ ወደ ደቡብ ምዕራብ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ፣ 1,100 ሜትር ወደሚጠጋ ቆላ ይወርዳል። ዛሬ በአስተዳደር ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነው ሁለቱም በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ ለብስክሌተኛው ግን ሁለቱ ከተሞች የአንድ ተራራ ሁለት በሮች ናቸው። በዚህ መካከል ከግራር እስከ አስታ ድረስ፣ ከበርበሬ ማሳ እስከ ገብስ ማሳ ድረስ ያለው ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእንሰቱ አረንጓዴ ግድግዳ በየቤቱ ጓሮ ቆሞ ይታያል።

መንገዱም የራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የተሰማሩ የአካባቢው ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅቶችን አቋቁመው፣ ከኪሳቸው ባዋጡት ገንዘብ ከመንግሥት ጋር ተባብረው ወደ ትውልድ ስፍራቸው መንገድ አስጠርገዋል፤ የአለምገና–ወላሞ ሶዶ የመንገድ ሥራ ድርጅትና የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅት በራስ አገዝ ልማት ታሪክ ውስጥ ደጋግመው የሚነሡት በዚህ ነው። ከእነዚህ ዋና መንገዶች እየተገነጠሉ ወደየቀበሌው የሚገቡት ጠጠር የለበሱ ወይም ባዶ አፈር የሆኑ መንገዶች ፒስታ ይባላሉ። ለአሽከርካሪ ፒስታ ማለት ሞላ የሚሰብር፣ አቧራ የሚያጠግብ ጣጣ ነው፤ ለተራራ ብስክሌተኛ ግን በሌላ አገር ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት የሚሠራው የልምምድ ሜዳ በነጻ ተዘርግቶ መገኘት ነው።

የመሬቱን ጠባይ ማወቅ ከሥልጠናው ሁሉ ይቀድማል። ቀዩ አፈር ሲደርቅ ጠንክሮ ጎማን በደንብ ይይዛል፤ ዝናብ በነካው ሰዓት ላዩ ይሙለጨለጫል፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ካገኘ ግን መልሶ ይታመናል። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በክረምት በጎማው ጥርስ መካከል እየተለጠፈ፣ ሳርና ገለባ እየጨመረ፣ በመጨረሻ ጎማው በሹካው መካከል መዞር እስኪያቅተው ድረስ ያብጣል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ብስክሌቱ ጋላቢውን ሳይሆን ጋላቢው ብስክሌቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ከቡታጅራ ወደ ደቡብ፣ በስልጤ ምድር የሚገኘውን የሐረ ሸይጣንን ክብ ሐይቅ የወለደው የጥንት እሳተ ገሞራ በአካባቢው ቀዳዳ የበዛበትን ቀላል ድንጋይ በትኗል፤ ይህ ጠጠር በመንገድ መታጠፊያ ላይ ሲከማች ከጎማ በታች እንደ ኩሽኔታ ኳስ ይሽከረከራል። ባሕር ዛፍ ባለበት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ የረገፈው ቅጠል በደረቅ ወራት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ የተላጠው ረጅም ልጥ ከኋላ ጎማው ማርሽ ጋር ተጠምጥሞ ሰንሰለቱን ይቆልፋል።

ዳገት ምን እንደሚጠይቅ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀምጦ 600 ሜትር ከፍታን በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢወጣ፣ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ ወደ 130 ዋት የሚጠጋ ኃይል ሰዓቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ማውጣት ይኖርበታል፤ ይህም ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎችን በእግር ጉልበት እያበሩ ከመቆየት ይበልጣል። የመሬቱ ሸካራነትና የጎማው ግጭት ሲጨመርበት ቁጥሩ ከዚህም ያድጋል። 600 ሜትሩ በ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ቢዘረጋ ዳገቱ 6 በመቶ ነው ይባላል፤ በእያንዳንዱ 100 ሜትር ጉዞ 6 ሜትር ወደ ላይ መውጣት ማለት ነው። በተራራው ላይ ግን እንዲህ እኩል የተከፋፈለ ዳገት የለም፤ መንገዱ ለጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ወደ 15 በመቶ ይነሣና ጋላቢውን ከኮርቻው ያስነሣዋል። በዚህ ላይ የአየሩ መሳሳት አለ፤ በ2,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ በ3,500 ሜትር ላይ ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። የወልቂጤና የቡታጅራ ሰው በመጀመሪያው ከፍታ ላይ የተወለደ ቢሆንም፣ ወደ ተራራው ራስ ሲጠጋ በከተማው የለመደውን ፍጥነት ይዞ ልሂድ ካለ እግሩ ሳይደክም ትንፋሹ ይቀድመዋል።

ከዚህ የሚከተለው የሥልጠና ትምህርት ለብዙ ጀማሪዎች የማይጥም ነው፤ ፈጣን ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ መጋለብ ያስፈልጋል። ልብና ሳንባ፣ በጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ ስብን ወደ ኃይል የሚለውጠው የሴል ሥርዓት የሚዳብሩት በረጅምና ለዘብ ባለ ጉዞ ነው። የጽናት ስፖርት ተመራማሪዎች የታላላቅ ተወዳዳሪዎችን የልምምድ ማስታወሻ ሲመረምሩ ከአምስቱ የልምምድ ቀናት አራቱ ያህል ለዘብ ያሉ፣ አንዱ ብቻ ብርቱ ሆኖ አግኝተውታል። ለዘብ ያለ ጉዞ የሚለካው በውድ መሣሪያ አይደለም፤ ጋላቢው ከጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገረ፣ ሳያለከልክ ወግ መያዝ ከቻለ መጠኑ ልክ ነው፣ በአንድ ቃል ብቻ የሚመልስ ከሆነ ግን አልፏል። የልብ ምት መቁጠሪያ ሰዓት ያለው ሰው ከ220 ላይ ዕድሜውን ቀንሶ የሚያገኘው ቁጥር የከፍተኛ ምቱ ግምት ነው፤ ይህ ግምት ግን ከሰው ሰው በ10 ምትና ከዚያም በላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስለሚስት፣ የወጉ ፈተና ከሰዓቱ የተሻለ ዳኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ ያለው ሁለት አማተሮች አብረው ሲጋልቡ ነው፤ አንዱ ግማሽ ጎማ ይቀድማል፣ ሌላው ይደርስበታል፣ ወጉ ይቀራል፣ የዝግታው ቀን ሳይታወቅ ወደ እሽቅድምድም ይለወጣል።

ብርቱው ቀን ደግሞ በእውነት ብርቱ መሆን አለበት። ከተለመዱት ልምምዶች አንዱ ጋላቢው ሰውነቱን በደንብ ካሟሟቀ በኋላ በአንድ ዳገት ላይ ለ4 ደቂቃ ንግግር በማያስችል ኃይል እየወጣ፣ 3 ደቂቃ በዝግታ እየወረደ፣ ይህንኑ አራት ጊዜ የሚደጋግምበት ነው። ለዚህ የሚመረጠው ዳገት ሁልጊዜ አንድ ቢሆን ይመረጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንት አራተኛው ደቂቃ ያለቀበትን ድንጋይ ወይም ዋርካ ምልክት አድርጎ ከወር በኋላ ስንት እርምጃ እንዳለፈው ማየት ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይልቅ ያበረታታል። ለጀማሪ አማተር በሳምንት ከ5 እስከ 6 ሰዓት በቂ ነው፤ ከእነዚህም ረጅሙ ጉዞ በዕረፍት ቀን ላይ ይውላል፣ የሳምንቱ መጠን ሲጨመርም ከአንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመከራል። በየአራተኛው ሳምንት መጠኑን ቀንሶ ሰውነትን ማሳረፍ ከልምምዱ የሚቆጠር እንጂ ከስንፍና የሚቆጠር አይደለም፤ ጡንቻ የሚጠነክረው በዳገቱ ላይ ሳይሆን ከዳገቱ በኋላ በእንቅልፍ ውስጥ ነውና። ጾም በሚገባበት ወቅት፣ የኦርቶዶክሱም ይሁን የረመዳኑ፣ ብርቱውን ልምምድ ከማፍጠሪያው ሰዓት በኋላ ማድረግ ወይም ለወራቱ በዝግታው ጉዞ ብቻ መቆየት አስተዋይነት ነው፤ በባዶ ሆድና በደረቀ ጉሮሮ የተወጣ ዳገት የሚገነባው ነገር ጥቂት ነው።

የዓመቱን አቆጣጠርም ዝናቡ ይወስነዋል። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ተራራውን ሲሸፍንና መረሬው ሲያብጥ፣ ጋላቢው በፒስታው ላይ ከመታገል ይልቅ 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ቢወጣና ቢወርድ ለጭኑም ለወገቡም ይበጀዋል። መስከረም ሲጠባ መሬቱ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የረጅሙ ጉዞ ወራት ነው፤ የበልጉ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ያሉት ሳምንታት ደግሞ አቧራ የሚበዛባቸው፣ ነገር ግን መሬቱ ለፍጥነት የሚመች ጊዜ ናቸው።

ኃይል ብቻውን ግን ተራራ አያስወርድም። በውድድር ላይ የሚታየው ልዩነት በዳገት በደቂቃ፣ በቁልቁለት በሰከንድ ቢሆንም፣ አጥንት የሚሰበረው በቁልቁለቱ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ጋላቢው ከኮርቻው ተነሥቶ፣ ሁለቱን ፔዳሎች በአንድ ደረጃ እኩል አድርጎ፣ ጉልበቱንና ክርኑን ለስለስ አድርጎ ይቆማል፤ እግርና ክንድ እዚህ ላይ የሰው ሞላ ናቸው። ዓይን ከፊት ጎማው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ከተተከለ ብስክሌቱም ወደዚያው ድንጋይ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዓይን ከ10 ሜትር በላይ ርቆ፣ መሄድ የሚፈለግበትን እንጂ የሚፈራውን አያይም። ጀማሪ የፊት ፍሬንን ፈርቶ የኋላውን ብቻ ይይዛል፤ ነገር ግን ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የሚያቆመው በአብዛኛው የፊቱ ነው፣ ምሥጢሩም በአንድ ጣት ቀስ አድርጎ፣ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ መያዝ ነው። በመታጠፊያው ውስጥ፣ ያውም በዚያ እንደ ኩሽኔታ በሚሽከረከረው ጠጠር ላይ፣ የፊት ፍሬንን መጨምደድ ፊትን ከመሬት ጋር ያስተዋውቃል። የራስ ቁርን በአስፋልት ላይ ቸል የሚሉት ሰዎች እንኳ እዚህ ሊያጠልቁት ይገባል።

የጎማ ንፋስ ከቁሳቁሱ ሁሉ በርካሽ የሚስተካከል፣ በውጤቱ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው። በብዙ ከተሞች ልማድ ብስክሌት የሚነፋው ጎማው እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ነው፤ እንዲህ የተነፋ ጎማ በአስፋልት ይፈጥናል፣ በፒስታ ላይ ግን ከጠጠር ወደ ጠጠር እየዘለለ ያንገጫግጫል፣ መሬቱንም አይዝም። ንፋሱ ለቀቅ ሲል ጎማው ለድንጋዩ ቅርጽ እየታዘዘ ይንከባለላል፤ ከመጠን በላይ ከለቀቀ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ይህን ለመረዳት ጎሚስታ ዘንድ ቆሞ ማየት ይጠቅማል፤ ጎሚስታው ካላማዳሪውን አውጥቶ ይነፋዋል፣ ውሃ በሞላ ሳህን ውስጥ ቀስ እያለ ያዞረዋል፣ ዓይኑንም አረፋ ከሚወጣበት ላይ አይነቅልም። አረፋው ከአንድ ቀጭን ነጥብ ከወጣ ጥፋተኛው እሾህ ነው፤ ጎን ለጎን ከሆኑ ሁለት አጫጭር ስንጥቆች ከወጣ ግን እሾህ የለበትም፣ ንፋሱ ያነሰው ጎማ ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ጋላቢውን ሌላ መንገድ እንዲመርጥ፣ ሁለተኛው ትንሽ ንፋስ እንዲጨምር ይነግረዋል። በውድድር ቀን ጎሚስታ በተራራው ራስ ላይ ስለማይገኝ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ጎማ ማውጫ፣ ትንሽ መንፊያ ይዞ መሄድና በአምስት ደቂቃ ውስጥ መቀየርን ከቤት መለማመድ የሥልጠናው ክፍል ነው።

በምግብ በኩል አካባቢው ለጽናት ስፖርት የተፈጠረ ይመስላል። ከአንድ ሰዓት በላይ በሚዘልቅ ብርቱ ጉዞ ሰውነት በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ እንዲተካለት ይፈልጋል፤ ሁለት ሙዝ ወይም በማርና በጥቂት ጨው የተለወሰ የእፍኝ በሶ ለዚህ በቂ ነው፣ በሶ ደግሞ ከማንኛውም በወረቀት ከታሸገ የውጭ ብስኩት ይልቅ ዋጋው የቀለለ፣ ሆድም የለመደው ነው። ቆጮና ቡላ በአብዛኛው ስታርች፣ ማለትም ቀስ በቀስ ወደ ስኳር የሚለወጥ ኃይል ሰጪ ምግብ በመሆናቸው የውድድሩ ዋዜማ ራት ሊሆኑ ይችላሉ። ክትፎ ግን ክብሩ ከውድድሩ በኋላ ነው፤ ቅቤው በሆድ ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ ዳገት ፊት ለፊት የሚበላ ምግብ አይደለም፣ ይህን የዘነጋ ተወዳዳሪ በሁለተኛው ዙር ላይ ያስታውሰዋል።

ስለ ደስታው መናገር ስለ ሥልጠናው ከመናገር ይከብዳል። ከፊሉ የሰውነት ነው፤ ለሳምንታት ተገፍቶ ብቻ ይወጣ የነበረ ዳገት አንድ ቀን ከኮርቻ ሳይወርዱ ሲያልቅ የሚሰማው ነገር በቁጥር አይገለጽም። ከፊሉ የመሬቱ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል የወሰደ ዳገት በሃያ ደቂቃ ቁልቁለት ሲመለስ፣ የገብሱ ብርድ በእንሰቱ ጥላ፣ የእንሰቱ ጥላ በበርበሬው ሜዳ ሙቀት ሲተካ፣ በመኪና የሚሄድ ሰው በመስኮት የሚያየውን ለውጥ ብስክሌተኛው በፊቱ ቆዳ ይለካዋል። ከፊሉም የሰዎቹ ነው። አማተር እሽቅድምድም አሸናፊው አንድ፣ ተሸናፊው ብዙ የሆነበት ነገር ቢመስልም፣ በእውነቱ በጥቂት ተወዳዳሪዎች መካከል የሚካሄዱ ብዙ ትንንሽ ውድድሮች ድምር ነው፤ በ37ኛና በ38ኛ ደረጃ መካከል ያለው ትግል ከፊት ከሚካሄደው ያላነሰ ብርቱ ነው፣ ተመልካቹ ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። መነሻው ላይ ከሁሉ ፊት ለመሆን የሚጣደፈው ጀማሪ በመጀመሪያው ዳገት አጋማሽ ላይ አፉን ከፍቶ ሲቀር፣ በዝግታ የተነሡት እናቶችና አባቶች አንድ በአንድ ያልፉታል፤ ይህን ትዕይንት ለማየት ብቻ በዳገቱ አጋማሽ ላይ መቆም ያዋጣል።

ውድድርን በዚህ ምድር ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ስለ ቀኑ፣ ቀጥሎም ስለ መሬቱ ባለቤት ማሰብ ይኖርበታል። መስከረም 17 ቀን የሚከበረው መስቀል በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የሚኖረውን የጉራጌ ተወላጅ ወደ ቀዬው የሚመልስ ታላቅ በዓል በመሆኑ፣ የበዓሉ ሰሞን ተመልካችም ተወዳዳሪም ሞልቶ የሚገኝበት ነው፤ ሆኖም መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ የበዓሉ ጥሪና የክትፎው ብዛትም ለዳገት አያመችም። ጥቅምት አጋማሽ ለመሬቱም ለተወዳዳሪውም ይሻላል፤ መሬቱ ጠንክሯል፣ ብርዱም ገና ነው።

የመሬቱ ነገር ግን ከቀኑ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ እዚህ ላይ ጀፎረ የሚባለውን ነገር ማብራራት ያስፈልጋል። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የሚዘረጋ፣ በሁለቱ ጎኖቹ ቤቶች በትይዩ የተደረደሩበት፣ ሳር የለበሰ ሰፊ የጋራ ጎዳና ነው። መንገድ ብቻ አይደለም፤ ከብት ይውልበታል፣ ሙሽራ ይሸኝበታል፣ ለቅሶ ይቀመጥበታል፣ ሽማግሌ ይሸመግልበታል፣ በበዓልም ፈረስ ይጋለብበታል። ማንም ወደ ጀፎረው አጥሩን እንዳይገፋ፣ ሳሩንም እንዳያርስ የሚጠብቀው የባህሉ ሕግ ሲሆን፣ በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ የዚህ ሕግ ከፍተኛ ሸንጎ የጆካ ይባላል። ለብስክሌተኛ ጀፎረን ማየት ምራቅ የሚያስውጥ ነገር ነው፤ ሰፊ፣ ለምለም፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ፈረስ የጋለበበት። ዳሩ ግን እርጥብ ሳር ላይ 60 ብስክሌቶች በጥርሳም ጎማ አምስት ዙር ቢዞሩበት ለዓመታት የተጠበቀው ምንጣፍ በአንድ ጠዋት ተበጣጥሶ ጭቃ ይሆናል፤ የፈረሱ ኮቴ እየዘለለ ያልፋል፣ ጎማ ግን በአንድ መሥመር ላይ ተደጋግሞ እያረሰ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የውድድሩ ዙር ከእንሰቱ ጓሮ ውጭ ባለው ፒስታና በእግር መንገድ ላይ ሊያርፍ፣ ጀፎረው የሚነካውም በአንድ ስፍራ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ መሬቱ በደረቀ ጊዜ ብቻ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ቀድመው ፈቅደው ሊሆን ይገባል።

በተራራ ብስክሌት ውድድር ውስጥ ገለልተኛ ክፍል የሚባል ልማድ አለ፤ በውድድሩ መስመር ላይ የተወሰነ ርቀት ተከልሎ፣ በዚያ ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት ከተወዳዳሪው ድምር ሰዓት ውጭ እንዲሆን ይደረጋል፣ ብዙውን ጊዜም ይህ የሚደረገው መኪና የሚበዛበትን መሻገሪያ በጥድፊያ እንዳያልፉት ነው። ይህ ልማድ ለጀፎረም ይስማማል። መስመሩ ጀፎረውን በሚያቋርጥበት ስፍራ በሁለቱ ጫፍ ላይ ሁለት ሰዓት ያዢዎች ቢቆሙ፣ ተወዳዳሪው የመጀመሪያው ጋ ሲደርስ ሰዓቱ ቢቆምለት፣ ከብስክሌቱ ወርዶ መሪውን ይዞ እየገፋ፣ በሳሩ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች እጅ እየነሣ ቢሻገር፣ ለቅሶ በዋለበት ቀን ደግሞ የራስ ቁሩን አውልቆ ዝም ብሎ ቢያልፍ፣ ከዚያም ሁለተኛው ሰዓት ያዢ ጋ ደርሶ ከእንሰቱ አጥር ጀርባ ወደሚጀምረው ዳገት እንደገና ቢፈናጠጥ፣ የሚያጣው ሰከንድ አይኖርም።